ያልለካሁት ጅራት

«እጅሽ ፈጣን ነው፤ ዓይንሽ ግን ሰነፍ ነው» አሉኝ ጋሼ፣ ፊት ለፊት። ሳቅሁ። ሰው ሲናገረኝ ካልሳቅሁ እመልሳለሁ፤ ለእሳቸው ደግሞ መመለስ አልፈለግሁም።

ጋሼ የምላቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ጅማ ውስጥ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ከእኛ ጋር አጥር ይጋራሉ። ዕድሜያቸውን ቴክኒክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከቴሌቪዥን ካርቶን በሚወጣው ነጭ ፎም በሪሞት የሚበር አውሮፕላን መሥራት ጀመሩ። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ሊጨርሱ ሲሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመርና ጥቃቅኑ ሥራ ወደ እኔ መጣ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚያው ጅማ መርካቶ ሞባይል ጥገና ነው የምሠራው፤ ሶልደር ከያዝኩ ሰው አልሰማም።

የቀረው ጅራቱ ነበር። ጅራቱ ላይ ግራና ቀኝ የሚታጠፉ ሁለት ቅጠሎች አሉ፤ እኩል ከፍ ሲሉ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ያነሳል። እያንዳንዱን ቅጠል አንድ ሰርቮ ይጎትተዋል። ሰርቮ ክብሪት የማታክል ሞተር ናት፣ አናቷ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክንድ ያላት። ሁለቱ ካልተስማሙና አንዱ ቅጠል ከሌላው ከበለጠ፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ተጠማዞ ነው የሚወጣው። ከዚያ መሬት።

ይህን ስንት ጊዜ ነገሩኝ! «መጀመሪያ ሁለቱንም ክንድ ቀጥ አድርገሽ እሰሪ። መሐል ላይ ለኪ፣ ሲወጣ ጫፉ ላይ ለኪ፣ ሲወርድም ለኪ። በማስመሪያ! በግምት አይደለም።»

«እሺ ጋሼ፣ ገባኝ።»

ዓርብ ዕለት የግራው ክንድ ቀጥ አልል አለኝ። ክንዱ የሚገባው ጥርስ ላይ ነው፤ አንድ ጥርስ ወደፊት ሳስገባው ያልፋል፣ ወደኋላ ስመልሰው ይጎድላል። ሦስት ጊዜ ነቀልኩ፣ ሦስት ጊዜ ከተትኩ። ከሰርቮው ጋር የመጡ ሌሎች ክንዶች ላስቲክ ውስጥ ነበሩ፤ አንዱ ይገጥም ይሆናል። አልሞከርኩም። ሰለቸኝ። ክንዱን እንደተጣመመ ተውኩትና፣ ቅጠሉን የሚገፋውን ሽቦ በፒንሳ ቆልመም አድርጌ አሳጠርኩት። ቅጠሉ ቀጥ አለ።

ሱቅ ውስጥ እንደዚህ ነው የምንሠራው። ስክሪኑ ከበራ ተሠርቷል። ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ያየዋል፣ «ገለቶሚ» ብሎ ያመሰግናል፣ ይሄዳል።

በላዩ ፕላስተር ለጠፍኩበትና ሪሞቱን አንዴ እስከ ጫፉ ሳብኩት። የግራው ቅጠል ከቀኙ ቀድሞ የቆመ መሰለኝ። ክንዱ ተጣሞ ስለጀመረ መንገዱ ያጥርበታል፤ ይህንንም ጋሼ ነግረውኛል። ማስመሪያው እጄ ሥር ነበር። ሳላነሳው ጋሼ ገቡ።

«ለካሽ?»

«ለክቻለሁ።»

ቅዳሜን እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የሰው ስልክ ከፍቼ ብሎኑን የት እንዳስቀመጥኩ እረሳለሁ። እሳቸው ጋ ሄጄ ልንገራቸው ብዬ ሁለቴ ተነሳሁ፤ ሁለቴ ተቀመጥኩ። ትንሽ ነች፣ ምንም አትል ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ጋሼ ሰኞ ጠቅልለው ሀዋሳ ሴት ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው፤ አውሮፕላኑን ይዘውት አይሄዱም። እሑድ ከበረረ በረረ፣ ካልበረረ አለቀ።

ጅማ ዙሪያ ባዶ ሜዳ አይገኝም። መሬቱ ቡና ነው፣ ከቡናው በላይ ደግሞ የጥላ ዛፍ። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ሰኮሩ ሄድን፤ የድሮ ተማሪያቸው የነበረ አንድ ገበሬ የግጦሽ መሬቱን ፈቅዶላቸዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ክንፉን እኔ ታቀፍኩ፣ ጅራቱን እሳቸው። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ያንን ፕላስተር አያለሁ። እሳቸው ለሾፌሩ ስለ ነፋስ ያስተምራሉ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ሜዳው ዳር ሰው ተሰብስቧል። ገበሬው ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር እውነት ይነሳል?»

«ይነሳል።»

«ይነሳ። ላሜ ላይ እንዳይወርድ ብቻ፣ እርጉዝ ናት!»

ሰው ሳቀ። እኔ ላሟን አየሁ፤ ከላሟ ወዲያ ደግሞ ልጅ ያዘሉ ሴቶችን። በጊቤ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ጋሼ ሪሞቱን ነካ፣ ነካ አደረጉ፤ ቅጠሎቹ በትንሹ ሲንቀሳቀሱ እኩል ናቸው። «ቆንጆ» አሉ። «በል፣ አንሳው።»

ገበሬው አውሮፕላኑን ከራሱ በላይ አነሳ። «ቢስሚላህ» ብሎ ወደኋላ ለጠጥ ሲል፣

«አይወርወር!» ብዬ ጮኽኩ።

ሁሉም ዞረብኝ። «ጋሼ፣ አልለካሁትም።»

«ለክቻለሁ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ። ዋሽቼ ነው። እስከ ጫፉ ይሳቡትና ይዩት።»

ሳቡት። የግራው ቅጠል ቆመ፤ የቀኙ ሌላ አንድ ጣት ያህል ወጣ።

«ያ ረቢ» አለ ገበሬው፣ «አንዱ አንካሳ ነው እንዴ!»

በዚህ የሳቀ የለም። ጋሼ አውሮፕላኑን ተቀብለው ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ላጡ፤ የቆለመምኩትን ሽቦ ብዙ አዩት። ከዚያ ቀና ሳይሉ እጃቸውን ዘረጉ። «ካቻቪቴ።»

ሰጠኋቸው። «ልሥራው ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ነው።»

«አይ።»

የመጀመሪያው ብሎን ከጣታቸው አምልጦ ሣር ውስጥ ገባ። ተንበርክኬ መፈለግ ጀመርኩ። ዝናቡ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀምሯል። ገበሬው ጃኬቱን አውልቆ ከጅራቱ በላይ ዘረጋ።

«ተነሺ» አሉኝ። «ጨለማ ሆንሽብኝ። የጅማ መኪና ሳያልፍሽ ሂጂ።»

ብሎኑን አገኘሁት። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ፣ ቦርሳዬን አነሳሁና ወደ አስፋልቱ ሄድኩ።