የወይራው ቀይ ቀለም

እኔ ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። እናቴ ግን ስትፈራ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ሰፈራችን መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ፣ ከግቢያችን ጠርዝ እንደሚወሰድ ተነግሮናል። ቤቱ ይተርፋል፤ የሚሄደው አጥሩና ከአጥሩ ሥር ያለው ወይራ ነው። አባቴ የተከለው እኔ በእናቴ ሆድ እያለሁ ስለሆነ ሁለታችንም አርባ ሦስት ዓመታችን ነው። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ሦስቴ ተቆርጦ ሦስቴ ሲያድግ፣ የእኛን ወይራ ዛሬም ሳቅፈው ጣቶቼ ይነካካሉ። አባቴ በሕይወት እያለ "ይቺ ሰነፍ" እያለ ይቀልድባት ነበር። እናቴ በወይራዋ አትቀልድም። ጎረቤት የጋን ማጠኛ ሲለምናት እንኳ ራሷ ትቆርጣለች፣ ያውም ጣት የምታክል።

አንድ ጠዋት ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም አየን። ቀይ የተቀባ ግድግዳ ሳይፈርስ ሳምንት እንደማይቆይ እኛ ሰፈር ሕፃን ያውቃል።

"ላምባ አምጪ" አለችኝ እናቴ፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

"እማዬ፣ ቢያስሩንስ?"

"አምጪ አልኩሽ!"

መኪና ባለፈ ቁጥር እየደነገጥን፣ ቅርፊቱ እስኪላጥ ቀለሙን በላምባና በሽቦ ፈትገን አጠፋነው።

በሦስተኛው ቀን የሞተር መጋዝ ድምፅ ከላይኛው ቅያስ ይሰማ ጀመር። ቀድሞ የመጣው ግን ወረቀት የያዘ ወጣት ሠራተኛ ነው። ወይራውን ዞሮ አየው።

"ማዘር፣ ይሄ ለምን ቁጥር የለውም?"

"ምንም አልተጻፈበትም፣ ልጄ" አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

"እንዴት? አገር በቀሎቹ ዛፎች ላይ እኮ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈንባቸዋል፣ እንዳይነኩ። ቆራጮቹ ቁጥር የሌለውን ነው የሚጥሉት።"

እንደ ምንም ብዬ ያደረግነውን ነገርኩት። ልጁ አልተቆጣም፤ ወረቀቱን ገለጠ። ወረቀቱ ላይ ያለው የቁጥር ዝርዝር ብቻ ነው፤ የባለቤት ስም የለውም።

"በቃ፣ ቁጥሩን ንገሩኝ። ከዝርዝሩ ካገኘሁት አሁኑኑ መልሼ እጽፈዋለሁ።"

መጋዙ ጎረቤት ግቢ ገብቷል። እናቴ የዚያን ዛፍ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ታውቃለች። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና "ስንት ነበር?" አለችኝ።

ከፍርሃታችን ብዛት ቀዩን እንጂ ቁጥሩን አላየነውም።