ጋቢና ውስጥ ያስቀረሁት መኮንን

ወንድሜ ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ ከቤት ውጭ አንድም ቀን አድሮ አያውቅም። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይገባል፣ ሥራ ሲያበቃ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ እናታችን ዘንድ ይመለሳል። የሰፈሩ ሴቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ እሱን ነው የሚጠቅሱት። የዱአ ልጅ፣ የእናት ሐቅ ያወቀ ይሉታል። እኔም አብሬ አሚን እላለሁ። እሱን እንዲህ ያደረገው ዱአ እንዳልሆነ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እሱ ከሁለቱ አንዱ አይደለም።

አባታችን ኮምቦልቻ መካኒክ ነበር። ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተረፈ ጋቢና አስጭኖ መጥቶ ሸዋ በር ያለው ግቢያችን ውስጥ አራገፈው፤ የዶሮ ቤት ላደርገው ነው ብሎ። ዶሮም አልገባበት፣ እሱም ሞተ። ጎረቤት ቤት በዲሽ አንድ ፊልም አየን፤ በከዋክብት መሀል የምትሄድ መርከብ ነበረችበት። በማግስቱ ጋቢናው የጠፈር መርከብ ሆነ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ካፒቴን ነኝ። እሱ አምስት ዓመቱ ነው፣ መኮንን ነው። ለማዕረጉ የለስላሳ ቆርኪ ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰካሁለት፤ ኩራቱ አያድርስ ነው።

መጫወት ወድጄ እንዳይመስላችሁ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እናታችን ልብስ ስፌት ይዛ ቁጭ ስትል፣ ከትምህርት ቤት መልስ እሱን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። እሱ ደግሞ በር ክፍት ካየ አስፋልት ላይ ነው። ጓደኞቼ ከአጥሩ ውጭ ገመድ ሲዘሉ ድምፃቸውን እየሰማሁ እቃጠል ነበር። የተሰጠኝ ወንድም ሳይሆን እግር ብረት ነበር። እጠላው ነበር፤ ይህን ዛሬ ማለስለስ አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሳልጠብቀው ጋቢናው ውስጥ እንዲቀመጥልኝ።

እናታችን አስም አለባት። በሰፈራችን ልጅ ሲያጠፋ በርበሬ ይታጠናል፤ እኛ ቤት ግን ጭሱ ለእሷ ሞት ስለሆነ ተደርጎ አያውቅም። እኔ ነገሩን ገለበጥኩት። መኮንኑን፣ ያለ ትእዛዝ ከመርከቡ ከወረድክ መሬት ላይ ያለች እናትህ አየር ያልቅባታል አልኩት። ሳቀና ዘሎ ወረደ። ማድ ቤት ገባሁ፣ አንድ ዛላ በርበሬ ፍም ላይ ጣልኩ፣ ወደ እሷ ክፍል የሚያስገባውን በር በእግሬ ከፈትኩ። እናታችን የስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ ስትስል፣ ዓይኗ ሲፈስ፣ እጁን ይዤ ወስጄ አሳየሁት። እየጮኸ ሮጦ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ሲገባ ዛላውን ከፍሙ አነሳሁ፤ ሳሉም ቀስ እያለ ቆመ።

ሦስት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ዛላ ማባከን አላስፈለገኝም። እኔ ገመዴን ስዘል እሱ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቁጭ ነው። ሽንቱ ሲመጣበት እዚያው ይሸናል እንጂ አይወርድም። አልፎ አልፎ፣ እንዳይረሳ ብዬ፣ አንድ ዛላ ጣል አደርግ ነበር። አንድ ጊዜ እናታችን ብሶባት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ሥራህ ላይ አንቀላፍተህ ነው አልኩት። እሷ ድና ስትመለስ፣ ልጄን ጨዋ አደረግሽልኝ ብላ መረቀችኝ።

ኋላ ጋቢናውን ቁራሌው ወሰደው፣ ጨዋታውም ቀረ። ትልቅ ከሆነ በኋላ መርከባችን ትዝ ትልህ እንደሆነ ጠየቅሁት። የምን መርከብ ብሎ ሳቀብኝ። የረሳው ግን መርከቧን ብቻ ነው። የክፍሉ ልጆች ሐይቅ ለሽርሽር ሲሄዱ እሱ ደረቱን አፍኖት ከአውቶቡሱ ወረደ። ዩኒቨርሲቲ ሌላ ከተማ ሲደርሰው አልቅሶ ኮምቦልቻ አስቀየረና ምህንድስናውን ከቤት እየተመላለሰ ጨረሰ። ምክንያቱን የጠየቀው ሰው ካለ፣ እማን ትቼ መሄድ አልወድም ይላል። የራሱ ሐሳብ ይመስለዋል።

በሃያ አራት ዓመቱ ጓደኞቹ ጎትተው አንድ ፈተና አስፈተኑትና አለፈ። ሠልጥኖ ባሕር ላይ የመርከብ መኮንን ሊሆን ነው። ሲነግረኝ ሳቄም ድንጋጤዬም አንድ ላይ መጣ። ለሁለት ሳምንት ሌላ ሰው ሆነ፤ ሻንጣ ገዛ፣ እየዘፈነ ጢሙን ተላጨ፣ ደረቴን ለቀቀኝ እኮ እታለም አለኝ። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ያጨኝ የቢስቲማ ሰው ሁለት ዓመት ጠብቆኝ ከዚህ በላይ አልችልም ብሏል። እናታችን ብቻዋን አትተውም። እሱ ከሄደ እኔ እቀራለሁ፤ እኔ እንድሄድ እሱ መቅረት አለበት።

የሚሄድበት ጠዋት ሻንጣውን እንዳነገተ እናታችን እግር ሥር ተንበርክኮ ዱአ ይቀበላል። እኔ ማድ ቤት ሻይ አፈላለሁ። በርበሬው በክር ተሰክቶ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ሸይጧን ነው እንዳልል እጄን አውቀዋለሁ። አንድ ዛላ በጥሼ ፍሙ ላይ ጣልኩ፤ በሩን በእግሬ ከፈትኩ።

እናታችን ዱአውን ሳትጨርስ ሳል ያዛት። ወንድሜ ብድግ አለ። ፊቱ የአምስት ዓመት ልጅ ፊት ሆነ፤ በሁለት እጁ የሻንጣውን ማንገቻ ልክ እንደዚያ መሪ ጨብጦታል። ምን እንደያዘው እሱ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ሻንጣው ወደቀ።

እንዳትሞትብኝ ፈራሁ። ፍሙን ግቢ አውጥቼ ውሃ ደፋሁበት፣ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ከጦሳ ተራራ የሚመጣው ንፋስ ጭሱን ጠራርጎ ወሰደው። እናታችን ግን አሁንም ትስላለች። ሕመሙ የምር ሲነሳባት ደረቷ እንደሚያፏጭ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት አያፏጭም። እሱ አቅፏት ሳለ በትከሻው ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ የሚባለው ይህ ነው።

«አልሄድም እማ» አላት። «አብሽሪ፣ ወላሂ የትም አልሄድም።»

ሁለት ጊዜ ስላ ሳሉን ተወችው።

በሁለተኛው ወር አገባሁ፤ አሁን ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ያደረግሁት ያሳፍረኛል። ግን ልጆቼን ሳይ፣ ያ ጠዋት ቢመለስ ያንኑ ዛላ ደግሜ እንደምጥል አውቃለሁ። እናቴና እኔ ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም። በርበሬ ስትፈልግ በወንድሜ ትልክብኛለች፤ የተፈጨውን አይደለም፣ ዛላውን። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ደህና ሥራ እንደተገኘለት በነገራት ማግስት ላከችብኝ።

ከሥራ ሲወጣ ቤቴ መጣ። ዛላውን በፌስታል ቋጥሬ ሰጠሁት።

«ያን ጊዜ ብሄድ ኖሮ እማ ትሞት ነበር እኮ እታለም» አለኝ። «አላህ ነው ያስቀረኝ።»

አዎ አልኩት። ሳይጨልም ሐረጎን እንዲወጣ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘሁት። ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ጨብጦት ሄደ።