የጋሽ አምቧዝ ለቅሶ

ልጄ በትምህርት ቤቷ ጉዞ ፈረንሳይ ሄዳ ስትመለስ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አመጣችልኝ፤ ለንደን፣ ዊልስደን ባለው ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ክፍሏ ገባች። ክዳኑ ላይ ሰፊ ወንዝ፣ ከወንዙ በላይ ቋጥኝ ላይ የተቀመጠ ነጭ ግንብ፣ ከግንቡ ሥር ደግሞ ጣሪያቸው የጠቆረ ቤቶች ተሥለዋል፤ ከሥዕሉ በታች አምቧዝ የሚል ስም አለ። ከፈትኩት፤ የቅቤውና የስኳሩ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ እኔ የሁለት ልጆች እናት፣ "ውይ፣ የጋሽ አምቧዝ አገር!" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። "ማሚ፣ ኦኬ ነሽ?" አለችኝ ልጄ ከውስጥ። ኦኬ ነኝ አልኳትና አንዱን ብስኩት ቆሜ በላሁት።

እኔና እማዬ ለንደን መጥተን ስቶክዌል ቤት ሲሰጠን ገና ልጅ ነበርኩ። ሕንፃው አሳንሰሩ ከሚሠራበት የሚቆምበት ቀን የሚበዛ፣ ደረጃው የሁሉንም አገር ወጥ የሚሸት ነበር። እማዬ ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ስለምትሠራና መንገዱ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ስለሆነ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምገባው ከታች፣ ምድር ቤት ከሚኖሩት ከእትዬ ሶስና ዘንድ ነው። የሕንፃው የሐበሻ ልጆች ሁሉ እዚያ ነበርን። እትዬ ሶስና ልጅም ባልም የላቸውም፤ በወጣትነታቸው ለትምህርት ፈረንሳይ ሄደው፣ አምቧዝ ከተማ ባሏ ከሞተባት አንዲት ሴት ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ ደርግ መጣና ሳይመለሱ ቀሩ፤ ኋላ ወደ ለንደን ተሻገሩ። ከፈረንሳይ ይዘውት የመጡት ዳቦ በቅቤ ቀብቶ፣ ስኳር ነስንሶ መጥበስን፣ ስንረብሽ አንዱን ቅንድባቸውን ብቻ ማንሳትንና የአምቧዝን ተረት ነው።

ተረት አልኩ እንጂ እሳቸው ተረት ሲባል ይቆጡ ነበር፤ ታሪክ ነው። አምቧዝ ጥንታዊ ከተማ ናት፤ ግንቡን ይዘው የሚገዟት መሳፍንትም በከተማዋ ስም ነው የሚጠሩት። እኛ ሁላችን በየአባታችን ስም የምንጠራ ልጆች ይሄ ነገር አልዋጥ ብሎን፣ አንዱ ልጅ "ታዲያ እኔ ኮምቦልቻ ብወለድ ሙሉጌታ ኮምቦልቻ ልባል ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ እትዬ ሶስና "ኮምቦልቻ ያንተ ከሆነች አዎ" ብለው አፉን አስያዙት። ዋናውን መስፍን የሚጠሯቸው ጋሽ አምቧዝ እያሉ ነው፤ ትልቅ ሰው በደረቁ ይጠራል እንዴ? ሚስትየዋ እትዬ ናቸው፣ ወንድምየው አባ ናቸው። "ጋሽ አምቧዝ ጠዋት ተነሥተው በመስኮት ወንዙን ሲያዩ" ብለው ሲጀምሩ፣ ሰውየው ትናንት ስልክ የደወሉላቸው ይመስል ነበር። ይሄ ሁሉ የሆነው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት መሆኑን አልነገሩንም፤ ወይ ነግረውን እኛ ስኳሩ ላይ ነበርን። እኔ በበኩሌ ሰውየው የሥጋ ዘመዳቸው ለመሆናቸው ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ታሪኩ ከፋ። ጋሽ አምቧዝ ከንጉሡ ባለሟል ጋር ተጣሉ፣ አሢረሃል ተብለው ተያዙ፣ ከተማቸው ተወረሰ፣ ሞት ተፈረደባቸው። እትዬ ሶስና እዚያ ላይ ድምፃቸው ሰለል አለና "የቀረውን ሰኞ" ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልትወስደኝ የመጣችው እማዬ በሩ ላይ ቆማ ያየችው ያንን ፊት ነው። ደረጃውን ስንወጣ እኔ ተንሰቅስቄ "ጋሽ አምቧዝ! የእትዬ ሶስና ጋሽ አምቧዝ! ፈረንሳይ አገር ሞት…" ስል፣ የቀረውን እማዬ ራሷ ሞላችው። ብቸኛ ሴት ሐዘን ደርሶባት፣ የሚያረዳት ዘመድ አጥታ፣ ለሕፃናት ስትናገር ታያት። ኮቷን ሳታወልቅ ስልኩን አነሣች።

"ስሚ፣ እትዬ ሶስና ዘመድ ሞቶባቸዋል፤ ፈረንሳይ ነው። ለማንም አልተናገሩም እኮ፣ አንጀቴን በሉት! እኔ ሺፍቴን ስዋፕ አድርጌያለሁ፣ አንቺም ማናጀርሽን አሁኑኑ ጠይቂ።" ስልኩ እስኪግል ድረስ ለደቡብ ለንደን ሐበሻ ሁሉ ይሄንኑ ደገመችው።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ንፍሮ በድስት፣ ወንዶቹ ወንበር በትከሻ ይዘው እትዬ ሶስና በር ላይ ተሰለፉ። ከሁሉ ፊት የአውቶቡስ ሹፌሩ ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ለቅሶ ላይ ድምፃቸው የታወቀ ስለሆነ የሚያለቅሱለትን ሰው ሳያውቁ ከመንገድ ጀምረው "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ነው የመጡት። ፊት ለፊት ያለችው እንግሊዛዊት ጎረቤት በሯን ከፈት አድርጋ አየችንና ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው።

እትዬ ሶስና ማበጠሪያ በእጃቸው እንደያዙ ብቅ አሉ። ሰው እንዲህ ሆኖ በጠዋት በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም። "ማን ሞተ?" አሉ። እማዬ ቀርባ አቀፈቻቸውና "እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ስለ ጋሽ አምቧዝ ሰማን" አለቻቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። "አልሞቱም እኮ! ንጉሡ ማሯቸው! ታስረው ተፈቱ፣ ርስታቸው ተመለሰላቸው፣ አምቧዝ ከተማ ብቻ ለንጉሡ ቀረች፤ ስሟን ግን እስከ መጨረሻው ይዘው ኖሩ። ደግሞስ ቢሞቱ፣ አምስት መቶ ዓመት አልፏቸው!" ጋሽ ታደሰ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ፣ ወንበሩን እንደተሸከሙ ቀሩ። አንዷ በሳቅ ፈነዳች፣ ሁሉም ተከተለ፤ እማዬ ብቻ ፊቷ በርበሬ መስሎ እኔን በዓይኗ ትፈልገኛለች። እኔ ከአንድ ሰፊ ቀሚስ ጀርባ ነበርኩ።

የእትዬ ሶስና ሳቅ መቼ እንደተለወጠ ያስተዋለ ሰው የለም። "እሳቸውንስ ማሯቸው" አሉ። "የኔን ዳዊት ግን የማረው የለም።"

ዳዊት ታናሽ ወንድማቸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ተይዞ፣ እንደ ጋሽ አምቧዝ አሢረሃል ተብሎ ተገደለ። እትዬ ሶስና የሰሙት አምቧዝ፣ ከዚያች የኪራይ ክፍላቸው ውስጥ ነው። አከራያቸው ሾርባ አስቀምጣላቸው በሩን ዘግታ ወጣች፤ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ በአገሯ ሰው ሲያዝን ብቻውን ይተዉታል። በማግስቱ ሌላ የሚያደርጉት ቢያጡ ክፍል ገብተው ተማሩ። ከዚያ ለንደን መጡ፤ ያረጀ መርዶ ለአዲስ ጎረቤት እንዴት ተብሎ ይነገራል? ይሄን ሁሉ የነገሩን እዚያው በሩ ላይ ቆመው፣ ማበጠሪያው እጃቸው ላይ እንዳለ ነው።

ጋሽ ታደሰ ወንበሩን አወረዱና "ዳዊት ነው ያሉኝ?" ብለው ጠየቁ። ከዚያ እንደገና ጀመሩ፤ አሁን በስሙ።

ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈ። ሴቶቹ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር እየጠየቁ ሙሾ አወረዱለት፤ አንዷ "ዝግባ የሚያህለው" ስትል እትዬ ሶስና በእንባቸው መሃል "ኧረ አጭር ነበር!" ብለው አረሟት፤ ሳቁም፣ አለቀሱም። እስከ ሠልስቱ ያ ቤት ሰው አልተለየውም። ፋብሪካው ሳንድዊቹን በማን እንዳሠራ እግዜር ይወቅ። እኔም በሕይወቴ ትልቅ ሰው ቀሎት ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ነው፤ እትዬ ሶስና ፍራሹ ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ጭንቅላታቸውን የእማዬ ትከሻ ላይ ጥለው።

እትዬ ሶስናም እማዬም ዛሬ የሉም። ጋሽ ታደሰ ልጃቸው ዘንድ በርሚንግሃም ገቡ። ስቶክዌል ያለው ሕንፃ ተቀብቶ አምሮበታል፤ አሳንሰሩም ይሠራል አሉ፤ በሮቹን ሁሉ ባንኳኳ ግን የማውቀው ሰው አይከፍትልኝም። አሁን ሰው ሲሞት በስልክ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፤ የተጋጠሙ እጆችን ሥዕል እንልካለን፤ የሞተው ማን እንደሆነ፣ ዝምድናው ምን እንደሆነ፣ ፖስት ኮዱን፣ ሰዓቱን ቼክ እናደርጋለን፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አለብን። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ከሌላው አልሻልም። ስህተት የሚባል ነገር የለም፤ ማንም ተሳስቶ የማንም በር ላይ ንፍሮ ይዞ አይቆምም።

እማዬ ስትሞት ግን ቤቴ ሞላ። አሮጌዎቹ የስቶክዌል ሴቶች በዱላ እየተደገፉ መጥተው ነበር። ስለ እሷ ጥሩ ጥሩውን ሲያወሩ አንዷ የጋሽ አምቧዝን ለቅሶ አነሣችና ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ "ምናለ ያን ቀን ልጅቱን ሞቹ ማን ነው ብላ ብትጠይቃት!" አለች ዓይኗን እየጠረገች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እማዬ ብትጠይቀኝ ኖሮ ዳዊት ማንም ሳያለቅስለት ይቀር ነበር።