ያለቀው ጨዋታና የጋሽ መኩሪያ እግር

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ሰመር እዚሁ ለንደን ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ስላስደነገጠኝ ብቻ አይደለም፤ ስላናደደኝ ነው። ሰው ንዴቱ ሲበርድለት ይረሳል ይባላል። የእኔ አልበረደም። ፊንስበሪ ፓርክ ከባስ በወረድኩ ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግበኛል።

ሥራዬ ኬረር ነው። የአዛውንቶች ቤት እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒት አስውጣለሁ። ጋሽ መኩሪያ ከማያቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ አሜሪካ ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ ሲደክሙ ለአንድ ልጃቸው ለሰላም ቅርብ ለመሆን ለንደን መጡ። እሷ ስትሪትሃም፣ እሳቸው ፊንስበሪ ፓርክ። የቅርብነቱ ነገር እንግዲህ ይኸው ነው።

ከአሜሪካ ይዘው የመጡት ሁለት ነገር ነው፤ የስኳር በሽታና ቤዝቦል። የትኛው እንደሚብስ ዛሬም መወሰን አቅቶኛል።

ቤዝቦል ለማታውቁ ልንገራችሁ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ ዱላ ይዞ ይጠብቃል፣ የቀሩት ሜዳው ላይ ተበታትነው ማስቲካ ያላምጣሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነው። በሦስት ሰዓት ሰው በግ ገፎ፣ ወጥ ሠርቶ፣ እንግዳ አብልቶ ይሸኛል።

ያን ሰሞን ጋሼ የሚደግፉት ቡድን ውስጥ አንድ ወጣት መቺ ነበር። ይህ ልጅ በተከታታይ በየጨዋታው ቢያንስ አንድ ጊዜ ኳሷን አግኝቶ በደህና መሮጥ ጀመረ። ይህን ነው ‘ስትሪክ’ የሚሉት። በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ያህል ተራ ይደርሰዋል። ከአራቱ አንዴ ከተሳካለት በቃ፣ ስትሪኩ ቀጠለ ይባላል፣ አገር ያጨበጭብለታል። ሦስቴ ስቶ አንዴ! እኔ ከአራት አዛውንት አንዱን ብቻ አጥቤ ወደ ቤቴ ብሄድ ኤጀንሲው ያጨበጭብልኛል?

ታዲያ ስትሪኩ የጀመረው እኔ እሳቸው ቤት መሥራት በጀመርኩበት ሰሞን ሆነና ጉድ ፈላ።

“ጥሩዬ፣ አንቺ ገደኛ ነሽ። እግርሽ እርጥብ ነው” አሉኝ።

መጀመሪያ ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ። ከዚያ ትእዛዙ መጣ። በቀኝ እግርሽ ግቢ። ያን ሰማያዊ ሻርፕ ልበሺ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጪ። ልጁ ሊመታ ሲል እንዳትናገሪ። ለንደን ድረስ የመጣሁት በቀኝ እግሬ ለመግባት ነው እንዴ?

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው እኛ እዚህ ተኝተን ሳለ ነው። ጋሼ ሌሊቱን አይቀመጡም። ተቀድቶ ያድርና በማግስቱ፣ እኔ አመሻሽ ላይ ስመጣ ነው የሚከፍቱት። እስከዚያ ውጤቱን እንዳይሰሙ ስልክ አያነሱም፣ ዜና አያዩም።

“ጋሼ፣ ጨዋታው እኮ ትናንት ያለቀ ነው። ልጁ ሲመታ እኔ ኪልበርን ተኝቼ እያንኮራፋሁ ነበር። በየትኛው እግሬ ነው የገባሁለት?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“አንቺ ምን ታውቂያለሽ? እኔ እስካላየሁት ድረስ አላለቀም” አሉኝ፣ ቆፍጠን ብለው።

ይህን የሚሉት ዓለምን ዞረው ያዩ ሰው ናቸው። ወይ ጉድ!

ሳልወድ በግዴ እያየሁ ጨዋታው ገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ልጁንም ናቅኩት። ጋሼ “እሳት ሆኗል፣ ማንም አያቆመውም” ይላሉ። የታለ እሳቱ? መጀመሪያ ላይ ረጋ ብሎ፣ መርጦ፣ ኳሷን አሻግሮ የሚልክ ልጅ ነበር። ስትሪኩ ሲረዝም ግን ፈሪ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርዋሪው አራት ጊዜ ካበላሸ መቺው ዱላውን ሳያነሳ በነጻ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል። ለቡድኑ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለስትሪኩ ግን እንደ ምት አይቆጠርም። ስለዚህ ልጁ ቆሞ ማሳለፍን ተወ። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ያገኘው ኳስ ላይ ሁሉ ዱላውን ያወናጭፋል። ከዚያ አንዷ እንደ ምንም ዱላው ጫፍ ትነካና ሣሩ ላይ ትንከባለላለች፤ ሮጦ ይደርሳል፤ ጋሼ “አየሽ!” ይላሉ። ቡድኑ ተሸንፏል እኮ! ማን ግድ አለው። ስትሪኩ ብቻ አይቋረጥ።

በዚህ መሃል ጋሼ ግራ እግራቸው ጣት ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች። አዲስ ጫማ ነው የላጣቸው። የስኳር ሰው ላይ ትንሽ ቁስል የሚባል ነገር የለም። የምታክማቸው ነርስ አይታ ፊቷ ተለወጠ። ሆስፒታል ገብተው በደም ሥር መድኃኒት መውሰድ አለባቸው፣ ለነገ የሚባል አይደለም አለች።

“ስትሪኩ ሲያልቅ እገባለሁ” አሉ ጋሼ።

ነርሷ ያበዱ መሰላት። እኔ ግን እንዳላበዱ አውቃለሁ፤ የባሰ ነው። ሆስፒታል ከገቡ ወንበሩ የለ፣ ቴሌቪዥኑ የለ፣ እኔም በሰዓቴ አልመጣ። ገዱ ሊበላሽ ነው።

ሰላም ጋ ደወልኩ። የተማረች ናት፣ ትልቅ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ እሷ ትቆጣቸዋለች ብዬ።

“ዳዲን ስትሬስ ውስጥ መክተት አልፈልግም። ትንሽ ዌይት እናድርግ፤ አፖይንትመንቱን ሪቡክ አድርጌዋለሁ” አለችኝ።

ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን ገፋችው፣ ሪቡክ አደረገችው! ያንን እግር ለአንድ ዱላ ለያዘ ጎረምሳ ሲባል ሪቡክ አደረገችው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው እንዲህ ላለችው ነው።

እኔም የምችለውን ሞከርኩ። አንድ ቀን “ትናንት ዝናብ ጥሎ ጨዋታው ተሰርዟል፤ ዛሬ ሐኪም ቤት እንሂድ” ብዬ ዋሸሁ። ከፈቱት። ጨዋታው ነበር፤ ይባስ ብሎ ልጁም መትቷል። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤዝቦል ምንም ብናገር አላምን አሉኝ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወደ እሳቸው ስሄድ ባስ ውስጥ ስልኬን ቼክ አደረግኩ። ልጁ ትናንት አንድም አልመታም። ስትሪኩ አልቋል። እልል ማለት ነው የቀረኝ። የማላውቀው ሰው ስለሳተ እንዲህ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ያን ቀን ለንደን እንደ ምጣድ ግላለች፤ ጋሼ ግን ብርድ ልብስ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ግንባራቸውን ስነካ ያቃጥላል። ፋሻውን ፈትቼ አየሁት። ጣታቸው ጠቁሯል፤ ቅላቱ ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ ወደ ላይ እየሄደ ነው።  በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይህ የት እንደሚያደርስ አውቃለሁ።

“ጋሼ፣ ስትሪኩ አልቋል። ልጁ ትናንት ስቷል። በሉ አሁን ይነሱ” አልኳቸው።

“ደግሞ ጀመረሽ? ውሸታም!”

ስልኬን ላሳያቸው ስል ዓይናቸውን ጨፈኑ። እውነቴን ነው፣ መድኃኒት አልውጥም እንደሚል ሕፃን ግጥም አድርገው ጨፈኑ! አምቡላንስ ልጠራ ነው ስል “አልሄድም ብዬ እመልሳቸዋለሁ” አሉ። ይመልሷቸዋልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሰላም ጋ ብደውል ስብሰባ ላይ ነች፤ አታነሳም።

እዚያ ቆሜ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ንዴቴ መጣና አዳነኝ።

“እሺ ጋሼ” አልኳቸው። “አንድ ነገር ይንገሩኝ። ገዱ የማን ነው? የእኔ ነው የወንበሩ?”

ዓይናቸውን ከፈቱ። በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆነው ነገሩን አውጥተው አውርደው፣

“ያንቺ ነው” አሉ።

“እንግዲያው እኔ አሁን ሆስፒታል እገባለሁ። በቀኝ እግሬ። ጨዋታውንም እዚያው በእርስዎ ታብሌት አየዋለሁ። እርስዎ ከፈለጉ ከወንበሩ ጋር ይቅሩ።”

ቦርሳዬን አንስቼ በሩ ጋ ስደርስ “ቆይ እንጂ! ጫማዬን አምጪልኝ” ሲሉ ሰማሁ።

ሚኒካብ ጠርቼ ወሰድኳቸው። ሆስፒታሉ በር ላይ ዊልቸር ላይ ሆነው እግሬን ያዩ ነበር። አዎ፣ በቀኝ እግሬ ገባሁ። ምን ላድርግ?

ኢመርጀንሲው ውስጥ ደም እየተቀዳላቸው፣ መርፌ እየተሰካላቸው፣ እሳቸው ታብሌታቸውን ደረታቸው ላይ አቁመው ጨዋታውን ከፈቱ። እኔ መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ልጁ አንድም አይመታም። እሳቸው ግን በየተራው እጃቸውን ጨብጠው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሳተ። ሁለተኛም ሳተ። ሦስተኛም ኳሷን ወደ ላይ አጉኗት መሬት ሳትነካ ተያዘች፤ ይህም መሳት ነው።

“አንድ ተራ ይቀረዋል” አሉ ጋሼ።

ላም አለኝ በሰማይ! እኔ የፈራሁት ግን ሌላ ነው። መሳቱን ካዩ “ገዱ ተበላሸ” ብለው መርፌውን ነቅለው ቢነሱስ? ያደርጉታል። ስለዚህ ሐኪም ቶሎ እንዲመጣ እመቤቴን ለመንኩ።

የመጨረሻው ተራ ደረሰ። ቡድኑ በአንድ ነጥብ እየተመራ ነው፤ ማረፊያዎቹ ሁሉ ላይ የእነሱ ሯጮች ቆመዋል። ወርዋሪው ሦስት ጊዜ አበላሸ። አንዴ ከደገመ ልጁ በነጻ ይሄዳል፣ ከፊቱ ያሉት አንዳንድ ማረፊያ ይጠጋሉ፣ ቡድኑ እኩል ይሆናል። ልጁ ዱላውን አነሳ። ይህኔ መጋረጃው ተከፈተና አንዲት ሐኪም ገባች። ጣትየው አሁኑኑ መቆረጥ አለበት፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል አለች። ወጣት ናት፤ የጋሼ የልጅ ልጅ ብትሆን ነው።

“ዋን ሚኒት” አሏት ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከታብሌቱ ሳይነቅሉ።

እጄን ሰድጄ ጨዋታውን አቆምኩት። ልጁ ዱላውን እንዳነሳ ቀጥ አለ።

“ምን ታደርጊያለሽ!”

“እርስዎ እስካላዩት ድረስ አላለቀም አይደል የሚሉት? ይጠብቅዎታል። ይግቡና ይውጡ” አልኳቸው።

 በራሳቸው ቃል ነው የያዝኳቸው። “እንዳትነኪው” ብለው ጣታቸውን ቀስረውብኝ አልጋው እየተገፋ ሄዱ።

አንድ ጣት ሄደ። እግሩ ተረፈ። ሐኪሟ ለሰላም ስትነግራት አጠገቧ ነበርኩ፤ ጥቂት ቀን ቢቆዩ ኖሮ ከጉልበት በታች ነበር የሚቆረጠው አለቻት። ሰላም አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። “ጥሩዬ፣ ቴንክ ዩ፣ ቴንክ ዩ” ትለኛለች።

“ዌይት እናድርግ አላልሽም ነበር?” አልኳት። ክፉ ልትሉኝ ትችላላችሁ። ይበለኝ።

ከቀናት በኋላ፣ ትኩሳቱ ሲለቃቸው፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። “እንዴት ነሽ” የለ፣ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” የለ። “ታብሌቱን” አሉ። ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ልጁ ዱላውን እንዳነሳ እዚያው ቆሟል።

ነኩት። ኳሷ መጣች። አንድ ክንድ ያህል ከሱ ርቃ ነው የምታልፈው፤ እኔ እንኳ ከኪልበርን ኩሽናዬ አይቼ አሳልፋት ነበር። እሱ ግን ተንጠራርቶ፣ ሊወድቅ ደርሶ ዱላውን ሰነዘረባት። ሽቅብ ወጥታ አንዱ እጅ ውስጥ ገባች። አለቀ። ቆሞ ቢሆን ኖሮ ቡድኑ እኩል ይሆን ነበር፤ ተንታኞቹም ይህንኑ እያሉ ራሳቸውን ያወዛውዛሉ። ለስትሪኩ ብሎ ስትሪኩንም ጨዋታውንም አጣ።

 ጋሼ ብርድ ልብሱን ገፈው እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። የአልጋውን ብረት ይዘው ቀስ ብለው ቆሙ። ጣታቸው ከተቆረጠ ወዲህ ያለ ደጋፊ ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

“ገደ ቢስ!” አሉኝ። “ከወንበሩ አስነስተሽኝ! አንቺ ሴት ሁለተኛ ቤቴ እንዳትረግጪ!”

አጠገባቸው የተኛው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። ደሜ ፈላ። ባቀፍኩ፣ ባጠብኩ፣ በለመንኩ ገደ ቢስ! ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። በየትኛው እግሬ እንደወጣሁ አላስታውስም።

ብዙም ሳይቆይ ኤጀንሲው ደወለልኝ። ደንበኛው ሌላ ኬረር ጠይቀዋል፣ ምክንያቱን አልተናገሩም አሉኝ። እኔም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

አሁን አዲሷ ልጅ እግሯ እርጥብ ነው አሉ። ሌላ መቺ ተነስቷል፣ ሌላ ስትሪክ ተጀምሯል። ይመቻቸው።

አንዳንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያው ጋ አያቸዋለሁ። ከዘራቸውን ይዘው ዳቦ ሊገዙ ነው የሚወጡት። ከሩቅ ያዩኝና ቀናቸው እንዳይበላሽ ወዲያ ማዶ ይሻገራሉ። ሰላምታዬን እንኳ አይፈልጉም። ያናድደኛል፤ አልዋሽም፣ ሆዴንም ይበላኛል።

ግን ባሴ ቢመጣም አልሳፈርም። ተሻግረው እስኪጨርሱ ቆሜ አያቸዋለሁ። ይሻገሩ። የሚሻገሩት በሁለት እግራቸው ነው።