በልጄ የሳቁበት ሰመር

ይሄ ነገር ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ሁሉ ስልኩን እያነሳ ያገኘውን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ የጀመረ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፉ ነገር አይቼ ረስቻለሁ፤ ይሄን ግን ዛሬም ሳስበው አፌ ውስጥ መራራ ነገር ይመጣብኛል። ንዴት ቢሆን በርዶልኝ ነበር። የቀረው መጸየፍ ነው፤ እሱ ደግሞ አይበርድም።

የምንኖረው በሰው አገር፣ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ከበዛበት ከፌርፋክስ ብዙ ሳንርቅ ነው። ባለቤቴ በሪሁን ኤርፖርት ላይ ታክሲ ይነዳል። አንድ ልጅ አለችን፣ ኤልዳና ትባላለች፤ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ስናስገባት አንደበቷ ተዘጋ። ቤት ውስጥ ስትለፈልፍ የምትውል ልጅ ክፍል ስትገባ አንድ ቃል አትተነፍስም። አስተማሪዋ ጠርታ «ልዩ እርዳታ ለሚሹ ልጆች ለብቻ ወዳለው ክፍል ብናዛውራት» ስትለኝ ሥራዬን ትቼ ቤት አስተምራት ጀመር፤ ሆምስኩል የሚሉት። ዘመድ ወዳጁ «ልጅቱን ልታደነቁሪያት ነው» እያለ ወረደብኝ። ልጄ ግን ቀስ በቀስ አፏን ፈታች። ሱቅ ስንሄድ ሒሳብ ለሚቀበለው ሰውዬ ሁሉ ቀልድ የምትነግር ሆነች።

በዚያው ዓመት፣ ሰመር የሚሉት የትምህርት ዕረፍት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ እናቴ ሞተች። የልብ ሕመም ነበረባት። ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው፤ ኤልዳናም የምትተኛው ከእሷ ጋር ነበር።

ቤቷ የምታስተምር እናት ሰመር ሲመጣ የሚያስጨንቃት ነገር አንድ ነው። ትምህርቱን ጨርሳ ካቆመችው ሲጀመር ሁሉ ነገር ተረስቶ ይቆያታል። እንደ ወትሮው ከቀጠለችው ደግሞ ልጁ መጽሐፍ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። በእኔ ላይ ኀዘኑ ተጨመረበት። ቤቱ ከብዶን ነበር። ልጄን ከቤት የሚያወጣ፣ ግን የማያደክም ነገር ነበር የምፈልገው።

ኢንግልዉድ የምትኖር ዘምዘም የምትባል የወሎ ልጅ ጓደኛ አለችኝ። እሷም ሁለት ልጆቿን ቤቷ ነበር የምታስተምረው። ወጥ ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብለን ፕሮግራም አወጣን።

«ጧት ጧት ብቻ ይሁን» አለች ዘምዘም። «ከምሳ በኋላ ማንም ልጅ ጋ እርሳስ እንዳላይ።»

ሰኞ ላይብረሪ ሄደው የፈለጉትን መጽሐፍ ይመርጣሉ፤ የቀልድም ቢሆን ዝም እንላለን። ማክሰኞ ሚራክል ማይል የሚባለው ሰፈር ወርደን የጥንት አውሬ አጥንት የሚወጣበትን የሬንጅ ኩሬ እናያለን፤ ሣሩ ላይ ተቀምጠው እዚያ የቆመውን የጥንቱን ዝሆን ሐውልት ይሥላሉ። ሐሙስ ዋና። ሒሳቡን ወጥ ቤት ውስጥ አደረግነው፤ ምስር በስኒ ይሰፍራሉ፣ ኬክ ስንጋግር ልኩን በግማሽ ቀንሱልን እንላቸዋለን። አርብ ምንም የለም።

ረቡዕን ለአማርኛ ተውነው። እሱ ላይ ግን ሁለታችንም አልሆነልንም። እናት ስታስተምር ልጅ ይለግማል። ሌላ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ምናሴ የመጣው ያኔ ነው። ምናሴ ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ ይላል። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እሱ ያለበት ጠረጴዛ ከሩቅ በሳቁ ይታወቃል። እናቴ የሞተች ጊዜ ለቅሶው እስኪያበቃ ከቤታችን አልጠፋም። ወንበር ተሸክሟል፣ ውኃ አድሏል፣ እጄን ይዞ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎኛል። እንዲህ ያለ ሰው «ልጆቹን እኔ በነፃ አስተምርላችኋለሁ» ሲል ምን ይባላል? መረቅነው። ፌርፋክስ ላይ ሬስቶራንት ያላት ሴትዮም ጧት ጧት ባዶ የሚውለውን የጓሮ ክፍሏን ፈቀደችልን።

ልጆቹ ወደዱት። ሲያስተምር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ይቀርጻቸዋል። ስጠይቀው «ራሳቸውን ሰምተው ስህተታቸውን እንዲያርሙ ነው፤ ለእናንተም እልክላችኋለሁ» አለ። አንድ ጊዜ ፊደል ሲቆጥሩ የሚያሳይ ልኮልን ደስ ብሎን ደጋግመን አይተነዋል።

አንድ ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ መኪናዬን ፌርፋክስ አቁሜ አንድ ሱቅ ገባሁ። የካርድ ማሽኑ እምቢ ብሎታል። ሻጩ ወጣት መታ መታ አደረገውና «በቃ፣ እንደ አያቴ ተበላሸች» አለ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ቀልዱ አልገባኝም።

አጠገቤ የቆመች ሴት «አላየሽውም እንዴ? ሰው በሳቅ እየሞተ!» ብላ ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ቪዲዮ ከፍታ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

ልጄ ናት። ቢጫ ሸሚዟን ለብሳ፣ በዚያ ጓሮ ክፍል ተቀምጣለች። የምናሴ ድምፅ ከጀርባ ይጠይቃታል።

«አያትሽ የት ናት?»

«አያቴ ተበላሸች።»

«አቤት? አልሰማሁም። ማን ናት የተበላሸችው?»

ልጄ እውነት ያልሰማ መስሏት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አያቴ! ልቧ ተበላሸ። ሆስፒታል ወሰዷት፤ ግን አልሠራችም።»

እዚህ ላይ ምናሴ አልነሳም የሚል የመኪና ሞተር ድምፅ አስገብቶበታል። ከዚያ የብዙ ሰው ሳቅ። ከዚያ «አያቴ ተበላሸች» የሚለውን ቆርጦ በዘፈን መልክ ደጋግሞታል። የልጄ ከንፈር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ቃሉን ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። አባቷ ስለ ታክሲው ሲያወራ «ተበላሸች» ሲል ትሰማለች። መሞት የሚለውን ቃል እኛ ፊቷ አንናገርም ነበር፤ «አያትሽ አረፈች» ነበር ያልናት። ማረፍ ደግሞ ለእሷ ሶፋ ላይ ጋደም ማለት ነው። ስለዚህ ልጅቱ ከምታውቀው አማርኛ ውስጥ ፈልጋ ለዚያ ነገር የሚሆን ቃል አገኘች። የነበረ፣ አሁን የሌለ፣ ሐኪም ሞክሮ ያልሆነለት ነገር። ለእኔ እስከ ዛሬ ትክክል ነው የሚመስለኝ።

ሴትየዋ ፊቴን እያየች እስክስቅ ትጠብቃለች። በርበሬውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። መኪናዬ ጋ ሳልደርስ አስመለሰኝ።

ለዘምዘም ደወልኩላት። ከኢንግልዉድ እየበረረች መጣች። ምናሴን ያገኘነው እዚያው ሬስቶራንት ጓሮ ውስጥ ምሳውን ሲበላ ነው። ስልኬን ዘርግቼ አሳየሁት። እጁን ጠረገና ፈገግ አለ።

«አየሽው? እንዴት ነው የተወደደው! እኔ ራሴ እንዲህ ይሆናል አላልኩም።»

«ምናሴ፣ እናቴ እኮ ናት» አልኩት።

«አውቃለሁ እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ግን በእሳቸው ማንም አልሳቀም፤ በልጅቷ አማርኛ ነው። ለፍቅር ነው እኮ። ሌላ አምጣ እያሉ እያስጨነቁኝ ነው። እንዲያውም ያሰብኩት፣ ኤልዳና አድናቂዎቿን የምታመሰግንበት አንድ ሌላ ብንሠራ...»

እያወራ እጁን እጄ ላይ ሊያሳርፍ ሰደደ። ለቅሶ ላይ ያጽናናኝ እጅ ነው። ወጡ ጣቶቹ ላይ ደርቋል። በረሮ እንደሄደብኝ ሆኜ ሸሸሁት። ያኔ ነው የገባኝ፤ ይሄ ሰው ቤቴ ገብቶ፣ ለእናቴ አልቅሶ፣ የልጄን ኀዘን አይቶ ያውቃል። ምን ብሎ ቢጠይቃት ምን እንደምትመልስ አውቆ ነው የጠየቃት።

ዘምዘም ወንበር ስባ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«ስልክህን አውጣ» አለችው። «የልጆቹን ሁሉ አንድ በአንድ፣ እኔ እያየሁ ዲሊት ታደርጋለህ።»

«ዘምዘም ደግሞ፣ አታካብጂ እንጂ።»

«ወላሂ ከዚህ አልነሳም። ሥራህ ቢረፍድብህ የራስህ ጉዳይ።»

አጠፋው። እያጠፋ «እናንተ ቀልድ አታውቁም» እያለ ያጉተመትማል። የዘምዘም ልጅ «ረሃብ» እና «ርግብ» ያምታታበት ቪዲዮም ነበር፤ እሱንም አጠፋ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። ማጥፋቱም የረባ አልነበረም። ሰው ከስልክ ስልክ ተቀባብሎት ጨርሷል።

ኤልዳና ምንም አታውቅም ነበር። «ቲቸር አሞታል» ብዬ ረቡዕን ዘለልኩት። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅዳሴ አልቆ ግቢው ውስጥ ስንቆም አንዲት የማውቃት ሴት ጎንበስ ብላ የልጄን ጉንጭ ያዘች።

«አንቺዬ፣ አያትሽ ተጠገነች ወይ?»

አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ልጄም አብራ ፈገግ አለች፤ ሰላምታ መስሏታል። እጇን ጎትቼ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ትንሽ ከሄድን በኋላ «እማዬ፣ ተጠገነች ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ተሠራች፣ ፊክስ ተደረገች ማለት ነው።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች «በእኔ ነው የሚስቁት ወይስ በአያቴ?» አለች።

«በማንም አይደለም።»

«ሳቁ እኮ» አለችኝ።

ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ከዘምዘም ልጆች ሰምታ ሙሉውን ያወቀችው በዚያው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ የደከምኩለት አንደበቷ ተመልሶ ተዘጋ። ላይብረሪ ትሄዳለች፣ መጽሐፍ ትመርጣለች፤ ግን በጣቷ እያሳየች ነው። የሬንጁ ኩሬ ዳር ተቀምጣ ትሥላለች፤ ምን ሣልሽ ስላት ወረቀቱን ትሰጠኛለች። ዋና ስትሄድ እንኳ እንደ ልጅ አትጮህም። በሪሁን ሌሊቱን ነድቶ መጥቶ ሳይተኛ አጠገቧ ይቀመጥና የባጥ የቆጡን ያወራላታል። ራሷን ብቻ ትነቀንቅለታለች።

ሰመሩ ሊያልቅ ሲል ሁለት ሽማግሎች ቤታችን መጡ። ምናሴ ልኳቸው ነው። ስሙን እያጠፋሁት ነው ብሏቸዋል። አንደኛው ጋሽ ታፈሰ ናቸው፤ በሪሁን እንደ አባቱ የሚያከብራቸው ሰው።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ታፈሰ፣ «ምናሴ ልቡ ንጹሕ ነው። በጨዋታ መካከል የሆነ ነገር ነው። አገር ለአገር ተራርቀን እየኖርን በዚህ መቀያየም አይገባም። ልጅቷም ብትሆን ሕፃን ናት፣ ተበላ...»

ቃሉን አልጨረሱትም። ከንፈራቸውን ነከሱ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። አብረዋቸው የመጡት ሰው ምንጣፉ ላይ አፍጥጠዋል፤ ትከሻቸው ግን ከፍ ዝቅ ይላል።

ሳቃቸውን እያፈኑ ነበር። ለእናቴ በተለቀሰበት ቤት፣ ልጄ በሩን ዘግታ በተቀመጠችበት ቤት፣ ለእርቅ መጥተው።

«ጋሼ፣ ይነሱልኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ይነሱና ይውጡልኝ።»

ወደ በሪሁን ዞሩ። በሪሁን በሕይወቱ ለሽማግሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ያን ቀንም አላደረገም። ተነስቶ በሩን ከፈተና እስኪወጡ ድረስ መዝጊያውን ይዞ ቆመ። ከወጡ በኋላ የጠጡባቸውን ብርጭቆዎች ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው። ማጠብ አስጠላኝ።

ልጄ አፏን የፈታችው ሰመሩ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ በእንግሊዝኛ። ዘምዘም «አብሽሪ፣ ዋናው መናገሯ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አመሰገንኩ።

ምናሴ ዛሬም ጨዋታ አዋቂ ይባላል። ሠርግ ላይ ማይክ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ፌርፋክስ ላይ ስንገናኝ «ሰናይት! እንዴት ነሽ?» ብሎ ከሩቅ ይጣራል፤ ምንም እንዳልሆነ። አንዳንዶች «እስከ መቼ ታኮርፊያለሽ?» ይሉኛል። አላኮረፍኩም። የሻገተ ምግብ ሽታ እንደሚያስጠላ ነው የሚያስጠላኝ፤ እሱ ብቻም ሳይሆን ያ ሳቅ። «ነፍስ ይማር» ካሉኝ አፎች ነው የወጣው። ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ በሰማሁ ቁጥር በማን ይሆን እላለሁ።

ኤልዳና አሁን ቁመቷ እኔን አልፏል። እኔ በአማርኛ አወራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። እህቴ ከደብረ ብርሃን ስትደውል ግን ስልኩን እሰጣታለሁ፤ የአክስቷን ድምፅ ትወዳለች። እህቴ ረጅም ታወራታለች፣ ትስቃለች፣ ትጠይቃታለች። ልጄ ፈገግ ብላ ታዳምጣትና «ደህና ነኝ» ትላለች።

ሁለት ቃል ነው። ምንም ስህተት የለበትም፤ ማንም ሊስቅበት አይችልም። ከዚያ ወዲያ ስልኩን መልሳ ለእኔ ትሰጠኛለች።