አልጋ ላይ የተኛ ሁሉ ታካሚ አይደለም

ዛሬ እዚህ ጭሮ፣ የነርሲንግ ልምምድ በገባሁበት ክፍል፣ መርፌዬን ይዤ የአንድ አባት ክንድ በአልኮል ጠርጌ ጨርሻለሁ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው «ቢስሚላህ» ብለዋል።

ድንገት የመምህራችን ንዝንዝ ትዝ አለኝ። «እገሌ ነህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። ስሙን ራሱ ይንገራችሁ!»

«አባባ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ?»

«አብዱላሂ ዩሱፍ።»

ካርዱ ላይ ያለው መሐመድ ዩሱፍ ነው። መርፌዬን ወደ ትሪው መለስኩ።

ለካ ታካሚው ታናሽ ወንድማቸው ናቸው፤ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ። እኚህ አስታማሚ ናቸው። ከገለምሶ በሚኒባስ ሲንገላቱ መጥተው፣ አልጋው ባዶ ሲሆን ጋደም አሉበት።

«ታዲያ ሙቀትና ግፊት ስለካዎት ምነው ዝም አሉ?» አልኳቸው፣ ላብ እያጠመቀኝ።

«ኢንተለ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አክብረሽ ስትለኪኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? መርፌውም ለእንግዳ ሁሉ የሚሰጥ መስሎኝ ነው።»

ኃላፊዋ ነርስ ልትቆጣኝ መጣች። የለካሁትን ግፊት ስታይ ግን ቁጣዋን ትታ ራሷ ደግማ ለካችና ሐኪም ጠራች። የአስታማሚው ግፊት ከታካሚው ይብሳል!

አሁን አባባ አብዱላሂ በራሳቸው ካርድ፣ ጎን ያለው አልጋ ላይ ተኝተዋል። ወንድማቸው መሐመድ ደግሞ ከአልጋቸው ሆነው ይጠብቋቸዋል። ወደዚያ በተጠጋሁ ቁጥር ጣታቸውን ቀስረው፣ «መጀመሪያ ስሙን ጠይቂው!» ይሉኛል።

የጤና ልጆች፣ እናንተስ ማንን ልትወጉ ነበር? አክብሮት ይዟችሁ ዝም ብላችሁ የታከማችሁ አስታማሚዎችም ካላችሁ፣ ኮሜንቱ ክፍት ነው። ስማችሁን ከነአባታችሁ።