ለጾም የተሰረዘው ድምፅ

ባለፈው የቅበላ ዕለት ልጄ ስልኳን ይዛ ዘፈኖቿን አንድ በአንድ ስታጠፋ አየሁና ሳቄ መጣ። ጾም ሲገባ ዘፈን ከስልክ ማውጣት በእኛ አገር ሥጋ ከድስት እንደማውጣት ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ እትዬ አስካለን ያስታውሰኛል።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ወረታ፣ የደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ፣ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መዝሙር እጭን ነበር። ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን እትዬ አስካለ ከቁሐር ሚካኤል መጡ። የሽምብራ እሸት በነጠላቸው ቋጥረዋል፤ ፊታቸው ግን የገበያተኛ ፊት አልነበረም።

«ልጄ፣ የጠፋ ድምፅ ይገኛል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የንስሐ አባታቸው በጾም ዘፈን እንዳይሰማ ሲያሳስቡ፣ እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸውን «ዘፈኑን ከስልኬ ሚሞሪ አጥፊው» ይሏታል። ልጅቱም ሁሉንም ጠራርጋ አጠፋችው። ከዘፈኖቹ መሀል የሟች ባላቸው ድምፅ ነበረበት፤ ባልየው በሬ ጠምደው ሲያርሱ እያንጎራጎሩ ራሳቸው የቀዱት። ሌላ ድምፅ አልተዉላቸውም።

«ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ተጭኖበታል?»

«ይፋግ ገበያ ትንሽ መዝሙር አስጫንሁበት።»

ደነገጥሁ። የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይጠፋም፤ ቦታውን የሚለቀው አዲስ ነገር ሲመጣበት ነው። ተስፋ መስጠትም መንፈግም ፈርቼ «እስቲ እንሞክር፣ ቁጭ ይበሉ» አልኋቸው።

የተሰረዘ የሚመልሰው ፕሮግራም ሚሞሪውን እስኪፈልግ እሸቱን እየፈለፈልን ቆየን። ፋይሎቹ የተመለሱት ያለስማቸው ስለነበር እየከፈትሁ ማዳመጥ ነበረብኝ። ዘፈን፣ ዘፈን፣ ደግሞ ዘፈን። አንድ ቄስ በበሩ ሲያልፉ ገልመጥ አደረጉን።

«ዛሬስ ጾሙን ሻርነው» አሉ እትዬ አስካለ፣ ፈገግ እንደማለት ብለው።

ከዚያ ነፋስ ተሰማ። ጅራፍ ጮኸ። «ና ቦራ፣ እልፍ በል የኔ ጌታ» የሚል ጎርናና ድምፅ መጣ። እትዬ አስካለ ሽምብራውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። እንጉርጉሮው ትንሽ ሄደና ቆመ።

«አስካለ፣ እስቲ ውሃ አቀብይኝ» አለ ድምፁ።

«መጣሁ» አሉ እትዬ አስካለ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

እዚያው ላይ ተቆረጠ። ቀሪውን የይፋጉ መዝሙር ወስዶታል። እኔ አለቀስሁ፤ እሳቸው ግን አፍረው ሳቁ፣ «ይኸው ይበቃኛል» አሉኝ። ሁለት ቦታ ቀዳሁላቸው።

ከዚያ ወዲህ የስንቱን የሠርግ ፎቶ፣ የስንቱን የምርቃት ቪዲዮ መልሻለሁ። ያልተገኘም ሞልቷል። ዛሬም ሰዎች ሚሞሪያቸውን አምጥተው «አይገኝም አይደል?» ሲሉኝ፣ ወንበር ስቤ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ምናልባት እዚያ ውስጥ የሚጠራቸው ሰው ይኖራል።